ሐሳብ የያዛቸውን ማስታመም

የጡረታ ወረቀቴ ላይ ሥራዬ «አስታማሚ፣ ልዩ ልዩ» ተብሎ ተጽፏል። ጸሐፊውን አልተከራከርኩትም፤ የተሰጠው ቦታ ጠባብ ነበር። መርፌ ወግቼ አላውቅም። አጥንት አልጠገንኩም፤ አላዋለድኩም። እኔ ዕድሜዬን ሁሉ ያስታመምኩት ሐሳብ የያዛቸውን ሰዎች ነው፤ እህል የመረራቸውን፣ ከአልጋ መውረድ ተራራ መውጣት የሆነባቸውን፣ የገዛ ልጃቸው ፊታቸው ቆሞ ሲስቅ ከሩቅ የሚሰማቸውን። ዛሬ ተምረው የሚመጡት ወጣቶች ድብርት ይሉታል፤ በንግግር ለሚታከምበት መንገድም በየዓይነቱ ስም እንዳለው ሲነግሩኝ ደስ እያለኝ አዳምጣለሁ። እኛ ስሙ አልነበረንም። ነገር ግን ለአንዱ መዳኛ የሆነ ወግ ለሌላው መርዝ እንደሚሆን፣ ስለዚህም ከሁሉ አስቀድሞ መምረጥ እንደሚገባ በመከራ ተምረናል። ተምረንም አድነናል። ይህን ስናገር አላፍርም።

ስሜ ዘይነብ ነው፤ ትውልዴ ወሎ። አባቴ ቡና ጭኖ ወደ መቐለ እየወጣ አሞሌ ጨው ጭኖ የሚመለስ ነጋዴ ነበር። ጉልበቱ ሲደክም ከገበያው በላይ ቤት ተከራይቶ ቀረ፤ እኔም አብሬው ቀረሁ፤ እዚያው ተዳርኩ። ባሌ ጣሊያን በሚያሠራው መንገድ ላይ ናዳ ተጭኖት ሲሞት ገና ልጅ ነበርኩ። በዚያ ጊዜ ጣሊያን የሠራው ሆስፒታል በመንገድ ሠራተኞች ተጨናንቆ ነበር። ሠራተኞቹ አብዛኞቹ ከወሎና ከሸዋ የመጡ ናቸው፤ ከአማርኛ ሌላ አያውቁም። አስታማሚዎቹ ትግርኛ ተናጋሪዎች፣ ሐኪሙ ጣሊያን። እኔ ሁለቱን ቋንቋ አቀላጥፋለሁ፤ ጣሊያንኛውንም ከወጥ ቤትና ከልብስ ማጠቢያው ለቃቅሜ ነበርና አስተርጓሚ ሆኜ ገባሁ። ደሞዜ በሊሬ ተጀመረ፣ በሽልንግ ቀጠለ፣ በብር አለቀ፤ በሦስቱም አልከበርኩም።

አለቃዬ አቦይ ሐጎስ ይባሉ ነበር። «አቦይ» በትግርኛ አባቴ ማለት ነው፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ግን ሽማግሌውም ሕፃኑም የሚጠራቸው እንዲሁ ነበር። የአጋሜ ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው ከአንድ የሚሲዮን ሐኪም ቁስል ማጠብና ማሰር ተምረዋል። ከጦር ሜዳ የተመለሱ ሰዎችን ሲያስታምሙ፣ ቁስላቸው ጠግጎ እነሱ ግን የማይነሡ እንዳሉ አዩ። ከዚያ ወዲህ ልባቸው ወደነዚያ አደላ።

ከታማሚ ጋር ሲቀመጡ የታጠበ ፋሻ ይዘው ነው። ዝቅ ያለች በርጩማቸውን ከአልጋው ጎን ያስጠጋሉ፤ ፋሻውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው እያለሰለሱ ይጠቀልላሉ። መጀመሪያ ጊዜ የሚያባክኑ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ግማሹን ፋሻ ወደ እኔ ወርውረው «ጓለይ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ዐይን ለዐይን ስትያዪው ሰው ፊቱን ለማሳመር ይደክማል። እጅሽን ሲያይ ግን ያርፋል። ያረፈ ሰው ደግሞ ይናገራል።»

«ለምን?» ብለው ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም። «ለምን የዳኛ ቃል ነው፤ የተጠየቀው ሁሉ ጥፋተኛ የሆነ ይመስለዋል» ይላሉ። የሳቸው ጥያቄ «ከመቼ ወዲህ?» የሚል ነው። እህል ከመቼ ወዲህ መረረህ? ከማኅበሩ ከመቼ ወዲህ ቀረህ? ያን ሰሞን አብሮህ የነበረው ማን ነው? ከዚያ የታማሚውን ሰፈር ይጠይቁና ሲወጡ በእግራቸው ይሄዳሉ። ጎረቤት ያነጋግራሉ፤ ደጁን ያያሉ፤ ከብቱ ውሃ መጠጣት አለመጠጣቱን ሳይቀር አይተው ይመለሳሉ። ከዚህ ሁሉ በፊት «ይህ ይሻለዋል» የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም።

ሐኪሙን ሁላችንም ዶቶሬ እንለው ነበር። ጣሊያን ተሸንፎ ሲወጣም ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ እሱ ነው። ቀዶ ማከም እንጂ የሐሳብ ሕመም አያውቅም፤ አለማወቁንም አይደብቅም። «ለእነዚህ የምሰጠው የሚያስተኛ ዱቄት ብቻ ነው» አላቸው አቦይ ሐጎስን በእኔ አስተርጓሚነት። «ተኝተው ይነሣሉ፤ ሐሳባቸውም አብሯቸው ይነሣል። አንተ የተሻለ ካለህ ሞክር።» ከመጋዘኑ አጠገብ ያለችውን ረጅም ክፍል ሰጠን። አልጋዎቹ አሮጌ ነበሩ፤ መስኮቷ ግን ወደ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ነበር የምታየው። ሰው የሚያየው ነገር እንዲኖረው ብለው አቦይ ሐጎስ አልጋዎቹን ሁሉ ወደ መስኮቱ አዞሯቸው።

ምርጫ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ በወልዱ ነው። ወልዱ ዓርሆ ነበር፤ ግመል እየነዳ ወደ ቆላው ወርዶ ጨው ጭኖ የሚወጣ። በአንድ ጉዞ ድንገተኛ ጎርፍ ግመሎቹን ጠራርጎ ወሰደበት። ቤቱ ገብቶ ግድግዳ ዞሮ ተኛ። ወንድሞቹ ተሸክመው አመጡት።

እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ፋሻ እየጠቀለልኩ አዳመጥኩት። ወልዱ ደግሞ ይናገራል! ጎርፉ ከየት እንደመጣ፣ ቀዩ ግመል አንገቱን እንዴት እንዳወጣ፣ ገመዱ ከእጁ እንዴት እንደሾለከ። በማግሥቱ ያንኑ ይናገራል። በሦስተኛውም ቀን ያንኑ። እኔ የልቡን አወጣ ብዬ ደስ ብሎኛል፤ እሱ ግን በየቀኑ እየከሳ፣ ድምፁ እየወረደ ሄደ።

አቦይ ሐጎስ በሩ ላይ ቆመው ሰሙንና ወደ ውጭ ጠሩኝ።

«ጓለይ፣ ይህ ሰው ታሪኩን የሚነግርሽ ይመስልሻል?»

«አዎ፣ አቦይ። አንድም ነገር አልደበቀኝም።»

«አይነግርሽም። እያመሰኳ ነው፤ እንደ ግመሎቹ። የዋጠውን መልሶ ያኝካል፣ መልሶ ይውጣል። አንቺ ስታዳምጪው ሣር እየጨመርሽለት ነው።»

«ታዲያ ዝም ልበለው?»

«ዝም አትበዪው፤ አስነሺው። ደስ ሲለኝ እነሣለሁ ይልሻል። ደስታውን ብትጠብቂ አይመጣም። እግሩ ይቅደም፣ ልቡ ይከተለዋል።»

ሆስፒታሉ ውሃ የምታመላልስ በቅሎ ነበረችው። በመጀመሪያው ቀን ወልዱን የጠየቅነው ከበቅሎዋ አጠገብ ቆሞ እንዲመለስ ብቻ ነው። ቆመ፤ ተመለሰ፤ ተኛ። በማግሥቱ ገመዷን እንዲይዝ። ቀጥሎ እስከ ውሃው ድረስ እንዲሸኛት። ምንም አልተደሰተም፤ አልተደሰትኩም ብሎ ነገረን፤ እኛም አልተከራከርነውም፤ በማግሥቱ ብቻ ጥቂት እንጨምራለን። አንድ ጠዋት ከግቢው ጩኸት ሰምቼ ስወጣ ወልዱ የውሃ ቀጂውን አንገት አንቆ ይዞታል።

«ይህን ኮርቻ ማን ጫነው? ጀርባዋ ቆስሎ አታይም? ዐይን የለህም አንተ!»

ከተኛ ጀምሮ ከጎርፉ ሌላ ነገር ሲናገር የሰማሁት ያን ዕለት ነው። አቦይ ሐጎስ ውሃ ቀጂውን አስለቅቀው እየሳቁ ተመለሱ። «ተናደደ! ተመስገን፣ ተናደደ!» የበቅሎዋን ቁስል ራሱ ወልዱ አጥቦ፣ ራሱ አዳናት። ወራት አልፈው ከቆላ ሲመለስ አንድ ሙሉ አሞሌ ለዶቶሬ ይዞለት መጣ። ዶቶሬ በምላሱ ቀመሰው፤ ፊቱ ሲጨማደድ ወልዱ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ክፍላችን ስም አወጣ። ሐሳብ የያዘው ሁሉ ወደ እኛ መጣ፤ እኛም ሁሉን ማስነሣት ጀመርን። የበቅሎዋ መድኃኒት ለሁሉ የሚሆን መሰለን።

ለምለም የምትባል ሙሽራ ከእንደርታ መጣች። የመጀመሪያ ልጇን በተወለደ በጥቂት ቀን ቀብራለች። አቦይ ሐጎስ እንደ ልማዳቸው ሰፈሯ ድረስ ሄደው ጠየቁ፤ ጎረቤቱም «ሥራ ፈት ሆና ተክዛ ነው የምትውለው» አላቸው። ስለዚህ ከልብስ አጣቢዎቹ ጋር አሰማሯት። እንዴት ያለች ሠራተኛ ነበረች! ማለዳ ትነሣለች፣ አንሶላውን ነጭ ታደርጋለች፣ የሰጧትን ትበላለች፤ ሲስቁ ትስቃለች። ያስቸገረችን ነገር የለም። ዶቶሬም አይቷት «ይህችስ ድናለች» አለ። በምርቃት ሸኘናት።

ቤቷ ከገባች ብዙም ሳትቆይ በገዛ እጇ ሕይወቷን አጠፋች።

አቦይ ሐጎስና እኔ ልቅሶ ቤት ሄድን። እንደ እንግዳ ጥግ ይዘን ተቀመጥን። የለምለም እናት አቦይ ሐጎስን ለየቻቸውና ፊታቸው መጥታ ቆመች። ትሰድባቸዋለች ብዬ ፈራሁ። በቀስታ ነበር የተናገረችው።

«ልጄ ሥራማ መቼ አጣች? እኔም ቤት ነበራት። ያጣችው ስለ ልጇ የሚጠይቃት ሰው ነው። ስሙን እንኳ የሚጠይቃት አላገኘችም።»

አቦይ ሐጎስ ተነሥተው እጅ ነሡ። «ስሙ ማን ነበር፣ ኣደይ?» አሉ፤ እናቴ ማለት ነው። ሴትዮዋ ስሙን ነገረቻቸው። እዚያው ቆመው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ሲያለቅሱ ያየኋቸው ለመጀመሪያም ለመጨረሻም ጊዜ ያን ቀን ነው።

ሆስፒታሉ በር ስንደርስ ቆመው እንዲህ አሉኝ፦ «ወልዱ ያጣው ንብረትና ተስፋ ነበር፤ ሥራ መለሰለት። ይህች ያጣችው ሰው ነው። የሞተ ሰው በሥራ አይተካም፤ ይለቀስለታል እንጂ። እኛ ለቅሶዋን ነጠቅናት። ደግሞም ልሙት ብለሽ ታስቢያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ማንም የለም። ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም ይጠየቃል፤ በግልጽ፣ በስሙ። ጥያቄው ሰውን አይገድልም። አለመጠየቁ ነው የገደለው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከክፍላችን ሳይጠየቅ የወጣ ሰው የለም። መጀመሪያ ምላሴ ይያያዝ ነበር፤ ኋላ ግን ሰው ሲጠየቅ ትከሻው እንዴት እንደሚቀለው እያየሁ ለመድኩት። የሞተበትን የምናስለቅሰው ሆነ፤ የተኛውን የምናስነሣው፤ የተጣላውን የምናስታርቀው። የሚመጣውን ሰው አይነት ለመለየት ፋሻ ስንጠቀልል እንውላለን። ብዙ ሰው በእግሩ ሄደ። ሥራዬን ወደድኩት።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ ትግራይ በመንግሥት ላይ በተነሣችበት በወያነው አመፅ ጊዜ፣ በጥቅምት ወር፣ አውሮፕላን መጥቶ ገበያው ላይ ቦምብ ጣለ። ስለዚያ ቀን ያየሁትን አልጽፍም፤ መቐለ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል። አቦይ ሐጎስ ከቁስለኞች ጋር ወደ አዲግራት ተላኩና ክፍሉን ለእኔ ትተው ሄዱ። «ምርጫው ካስቸገረኝስ?» አልኳቸው ሲሳፈሩ። «ያስቸግርሻል» አሉኝ፤ መኪናውም ተንቀሳቀሰ።

ከጥምቀት በኋላ የኔታ ክንፈን አመጧቸው። የመጻሕፍት መምህር ናቸው፤ ብዙ ተማሪ ያወጡ፣ በከተማው ሲያልፉ ሰው የሚነሣላቸው። ሁለት ሰው ደግፎ ሲያስገባቸው ነጠላቸው ዕንጨት ላይ የተሰቀለ ይመስል ነበር። ዶቶሬ መርምሮ ወደ ውጭ ወሰደኝ። «ሰውነቱ ሕመም የለበትም። ግን እንዲህ ሳይበላ ከቀጠለ ፋሲካን አያይም» አለ።

ታሪኩን የነገረኝ ወንድማቸው ነው። የየኔታ ሚስት ትበርህ ቦምቡ በወደቀበት ቀን ገበያ ላይ ሞታለች። ጧፍ የሚሆን ሰም ገዝታ እንድትመጣ የላኳት እሳቸው ነበሩ። ከቀብሯ ጀምሮ አንድ እንባ አላወጡም። ተዝካሯ ሲወጣም ከቤት አልወጡም። ጠበል አድርሰዋቸዋል፤ ካህናት መክረዋቸዋል፤ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ያላቸው ሰው ቁጥር የለውም።

በርጩማዬን አስጠግቼ ፋሻዬን ዘረጋሁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ፋሻ ስጠቀልል አለፉ። አንድ ጠዋት ክፍሉ ሲጠረግ አይተው «መጥረጊያውን ለእኔ ስጪኝ» አሉ በትግርኛ። ደስ ሊለኝ ነበር። «የሚገባኝ ይህ ነው» ሲሉ ግን ለምለም ትዝ አለችኝ። ሥራ ብሰጣቸው ሥራው ቅጣት ይሆናል። መጥረጊያውን አልሰጠኋቸውም።

ስለ ትበርህ እንዲያወሩልኝ ሞከርኩ። ስሟን ስጠራ ፊታቸውን አዞሩ። «የገደለ ሰው ምን ብሎ ያለቅሳል?» አሉ። «አነ እየ ቀቲለያ።» እኔ ነኝ የገደልኳት ማለት ነው።

እንግዲህ የማውቃቸው መንገዶች ሁሉ ተዘጉ። ለቅሶው ቢኖርም ይህ ቃል እንደ ድንጋይ በሩ ላይ ተቀምጧል።

«የኔታ» አልኳቸው፤ «መሞት ይመኛሉ?»

«እጄን በራሴ ላይ አላነሣም፤ ሕጉን አውቃለሁ። ግን ጾም ነው ብዬ እህሉን ብተወው ማን ያውቃል?»

«እኔ አወቅሁ» አልኳቸው። «ስለነገሩኝም አመሰግናለሁ።»

ያን ቀን ከሥራ ወጥቼ ወደ ቤቴ ስሄድ በእሳቸው ሰፈር አለፍኩ። ደጃቸው ላይ ሁለት ትልልቅ ተማሪዎች ተቀምጠው የተማሩትን እየደገሙ ይቀጽላሉ። ከእነሱ አንዱ ትርጓሜ ያወርዳል፤ በአማርኛ ነው። «አንድም... አንድም...» ይላል፣ ለአንዱ ቃል ሌላ ሌላ ፍቺ እየደረደረ። ቆሜ ሰማሁ። የኔታ እቤት ትግርኛ ተናጋሪ ናቸው፤ የሚያስተምሩት ግን በአማርኛ ነው። የመጻሕፍት ትርጓሜ በየትም አገር የሚሰጠው በአማርኛ ነው። ሐዘናቸውን የሚናገሩበት ቋንቋና የሚመራመሩበት ቋንቋ ለየብቻ ነው። ከዚያ ተነሥቼ ቤቴ ድረስ እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም፤ ሮጬ ሳይሆን አይቀርም።

በማግሥቱ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩና በአማርኛ ጀመርኩ።

«የኔታ፣ ያችን ቃል በአማርኛ ይበሉልኝ።»

«የቷን?»

«የትላንቷን።»

«እኔ ገደልኳት» አሉ።

«ንባቡ ይህ ነው። ትርጓሜውስ?»

ቀና አሉ። ክፍሉ ከገቡ ጀምሮ ዐይናቸውን ያየሁት ያኔ ነው። «አንቺ እስላም አይደለሽም እንዴ? ትርጓሜ የት ታውቂያለሽ?»

«እስላም ነኝ። የእናቴ ወንድም ግን ሐይቅ ገዳም የተማረ ነው። በወሎ ከአንድ እናት ሼኩም ቄሱም ይወጣል። ልጅ ሆኜ እሱ ሲያጠና ከበሩ ሥር ቁጭ ብዬ እሰማ ነበር። በንባብ ብቻ የሚቀር ተማሪ ይገረፋል ሲል ሰምቻለሁ።»

ከንፈራቸው ጥቂት ተንቀሳቀሰ። «አይገረፍም። እንደገና ይጀምራል።»

«እንግዲያው እንጀምር። ግን ጉባኤ ዘርግቶ መምህሩ በመካከል ቢሞት ተማሪ ይበተናል። ትርጓሜው እስኪያልቅ ይህን አጥሚት ይጠጡልኝ። የጾም ነው።»

አጥሚቱን አዩት፤ እኔን አዩኝ። ጠጡ። ሁሉንም አይደለም፤ ግን ጠጡ።

«አንድም» አሉ ቀስ ብለው፤ የመምህር ድምፅ ነበር፣ ደካማ ግን የተቃና፤ «ሂጂ ብሎ የላካት እሱ ነውና ገደላት።»

«አንድም?»

«ሌላ የለውም።»

«ላኪው ለየትኛው ጉዳይ ነው የላካት?»

«ለሰም።»

«ታዲያ አንድም ለሰም ላካት እንጂ ለሞት አልላካትም ይባላል ወይስ አይባልም?»

«ይህ ራስን ማጽደቅ ነው!» ተቆጡ። ቁጣቸውን ስሰማ በውስጤ ወልዱን አየሁት።

«የኔታ፣ ተማሪ ያመጣውን ሐሳብ መምህር ያለ ማስረጃ ይጥላል?»

«አይጥልም» አሉ። «ይመረመራል።»

መረመርነው። በየቀኑ ጥቂት፣ አጥሚት እየጠጡ። እኔ ምንም አላስተማርኳቸውም፤ ማድረግ የነበረብኝ ጥያቄውን ይዞ መቀመጥ ብቻ ነበር። አውሮፕላን እንደሚመጣ ያን ቀን ጠዋት ከከተማው ማን ያውቅ ነበር? ማንም። ሌሎች ባሎች፣ ሌሎች እናቶች ሰው ወደ ገበያ አልላኩም? ልከዋል። እነሱንስ ነፍሰ ገዳይ ይሏቸዋል? «በምን አፌ!» አሉ። ቦምቡን የጣለው ማን ነው? ይህን ስጠይቃቸው «ይህን ትርጓሜ ዘልዬው ነበር» አሉ፤ እንደ ተደነቀ ሰው።

እንዲህም ሆኖ ልባቸው አልተከፈተም። አእምሯቸው አምኖ ልባቸው እንደቆመ ይታየኝ ነበር። የቀረ አንድ ነገር አለ።

«የኔታ» አልኳቸው፤ «እስካሁን የተናገረው ላኪው ነው። የተላከችውስ? እሷ ምን አለች?»

«ምን ትላለች፤ ሄደች።»

«ከመሄዷ በፊት።»

ፋሻዬን ጠቀለልኩ። ድንገት እጃቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ።

«ነጠላዋን ታጥቃ ነበር» አሉ። «ሳልነግራት በፊት ታጥቃ ነበር። እኅቷ ከኵሓ ትመጣ ነበርና ገበያ ሊገናኙ ተቃጥረዋል። ሰም ግዢልኝ ስላት ሳቀች።» ከዚህ በኋላ አማርኛው ተዋቸው፤ የሚስታቸውን ቃል በትግርኛ ነገሩኝ፤ «ባትልከኝስ መሄዴ ይቀር መሰለህ?» ብላ ነበር ትበርህ። «እየሳቀች፣ ጓለይ! እየሳቀች ነው የወጣችው! እኔ ይህን እንዴት ረሳሁት?»

ለቅሶው መጣ። ከጥቅምት ጀምሮ የተጠራቀመው ሁሉ መጣ። ሌሎቹ ታማሚዎች ተነሥተው ተቀመጡ፤ የውሃ ቀጂው በበሩ ቆመ፤ ማንም «ይብቃዎ» አላላቸውም፤ አስቀድሜ ከልክዬ ነበር። ፋሻዬን አስቀመጥኩ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መድኃኒቱ እንደተለወጠ አውቄያለሁ። ከዚህ በኋላ «አንድም» አላልኩም። ድንጋዩ ከተነሣ በኋላ በሩን ደግሞ መደብደብ አያስፈልግም። የትበርህን እኅት ከኵሓ አስጠራሁ። ሁለቱ አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ትበርህ አወሩ፤ አለቀሱ፤ አንዳንዴም ሳቁ። የኔታ በዚያ ቀን ቂጣ ጠየቁ።

በሆሳዕና ዕለት በእግራቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ክንዳቸውን ሊደግፍ ሲቀርብ «ራሴን እችላለሁ» ብለው ከለከሉት። እኔና ዶቶሬ በሩ ላይ ቆመን አየናቸው። ዶቶሬ ባርኔጣውን አወለቀ። «ዘይነብ፣ ምን ሰጠሽው?» አለኝ። የሰጠኋቸው ነገር እንደሌለ፣ የነበራቸውን እንዲፈልጉ ብቻ እንዳገዝኳቸው ነገርኩት። «እኔ ስቀድ እንደዚህ ቢሆንልኝ» ብሎ ከልቡ ሳቀ፤ በዚያው ሳምንት ሁለተኛ ክፍል ጨመረልን።

አቦይ ሐጎስ ከአዲግራት ሲመለሱ ሁሉንም ከአፌ መስማት ፈለጉ። ነገርኳቸው፤ መጥረጊያውን ጭምር። መጥረጊያው ጋ ስደርስ አቋረጡኝና «አልሰጠሽውም?» አሉ። «አልሰጠኋቸውም» አልኩ። ተነሡና ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት እጄን ይዘው ወደ ፊት አወጡኝ። «ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ» አሉ፤ «ከእንግዲህ በዚህ ክፍል ለማን ምን እንደሚሻለው የምትመርጠው ዘይነብ ናት። እኔም ብታመም።» ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ከወጥ ቤት የመጡት ሴቶች እልል አሉ። እንደዚያ ያለ ቀን በሰው ዕድሜ ስንት ጊዜ ይመጣል?

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠራሁ፤ በነዚያ ሁለት ክፍሎች ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ። ብዙዎቹ ዳኑ። ከሁሉ ግን ስለ ሥራዬ ኩራት የሚሰማኝ አንዱን ቀን ሳስብ ነው።

የኔታ ክንፈ ወደ ጉባኤያቸው ከተመለሱ ጥቂት ዓመት ሆኗቸው ነበር። አንድ ጠዋት አንድ የጨርቅ ነጋዴ ክንዱን ይዘው አመጡ። አወቅሁት፤ ያገሬ የወሎ ሰው ነው፤ ገበያው ዳር ከወንድሙ ጋር ሱቅ ነበረው። ፊቱ አመድ መስሏል። ከንግዱ ከቀረ፣ ከሰው ከተለየ ሰነባብቷል።

«ወንድማችንን አመጣሁልሽ» አሉኝ የኔታ። ነጋዴውን አልጋው ላይ አስቀምጠው ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ተቀምጬ ጠይቄዋለሁ። በአንድምታ አትድከሚ፤ ለዚህ አይሆንም።»

«እንዴት አወቁ፣ የኔታ?»

«የእኔ ቃል ሐሰት ነበር፤ ስለዚህ ሲመረመር ወደቀ። የእሱ ግን እውነት ነው። ወንድሙ በድሎታል፤ ደጋግሜ መረመርኩት፣ በድሎታል። ንብረት አልጎደለበትም፤ ሥራም አይፈውሰውም። የሞተበትም ሰው የለም። ይህ ሰው የሚፈልገው እርቅ ነው።»

ነጋዴውን አየሁት። ከመቼ ወዲህ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ ማን አብሮት እንደነበር፤ መሞት ይመኝ እንደሆነም ጠየቅሁት። ሁሉንም መለሰልኝ። የኔታ ልክ ነበሩ። እኔም ብሆን ሌላ አልመርጥለትም ነበር።

«እንግዲያው ወንድሙን ማስጠራት አለብን» አልኳቸው።

«ጠርቼዋለሁ» አሉ የኔታ ፈገግ ብለው። «ከማለዳ ጀምሮ ውጭ ቆሟል። አንቺ እስክትመርጪ ግባ አላልኩትም።»

ሄጄ በሩን ከፈትኩለት።